ዴንማርክ ውስጥ የምርምር ሥራ አፈላለግ፤ ከፒኤችዲ እስከ ፖስትዶክ

ዴንማርክ ውስጥ ፒኤችዲ የሚሠራ ሰው ብዙውን ጊዜ የዩኒቨርሲቲው ተቀጣሪ ነው። ውል ይፈርማል፣ በየወሩ መጨረሻ ደመወዝ ይገባለታል፣ ግብር ይቆረጥበታል፣ ጡረታ ይጠራቀምለታል፣ የዓመት ፈቃድም ይወጣል። የትምህርት ክፍያ አይጠየቅም። ነገሩ እንዲህ ከሆነ አፈላለጉም የሥራ ፍለጋ መሆን አለበት። “የዴንማርክ ስኮላርሺፕ” እያሉ ዓመት ሙሉ ጎግል የሚያስሱ ጎበዝ ልጆች ባዶ እጃቸውን የሚቀሩት ዕድል ስለሌለ አይደለም። ዕድሉ የሚወጣው በዩኒቨርሲቲዎቹ የክፍት ሥራ ቦታ ገጽ ላይ ነው፤ እነሱ ደግሞ እዚያ አይሄዱም።

የት ይፈለጋል

ዩኒቨርሲቲዎቹ ስምንት ብቻ ስለሆኑ ሁሉንም በሳምንት አንድ ቀን ማየት ይቻላል። ትልቁና ጥንታዊው እ.ኤ.አ. በ1479 የተመሠረተው የኮፐንሃገን ዩኒቨርሲቲ ነው፤ ጤና፣ እንስሳት ሕክምና፣ ደን፣ ምግብና ዕፅዋት ሳይንስ የሚሹ እዚያ ይጀምሩ። ኦርሁስ ዩኒቨርሲቲ በግብርናና በአካባቢ ሳይንስ ጠንካራ ነው። ሆኖም የግብርና ምርምሩ ትልቅ ክፍል የሚካሄደው ከኦርሁስ ከተማ ርቆ ቪቦር አጠገብ ባለው የፎሉም ማዕከል ስለሆነ ማስታወቂያው ላይ የሥራ ቦታውን አይለፉት። ሉንግቢ የሚገኘው የዴንማርክ ቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ፣ በአጭሩ ዲቲዩ፣ የምህንድስና ቤት ነው፤ የንፋስ ኃይል ምርምሩ ሮስኪልዴ አጠገብ ሪሶ በሚባል ግቢ ይሠራል። ኦልቦር በኤሌክትሪክ ኃይልና በፓወር ኤሌክትሮኒክስ ስም ያለው ነው። የደቡብ ዴንማርክ ዩኒቨርሲቲ ዋና ግቢው ኦደንሰ ከተማ ሲሆን ሮቦቲክስ ከሚታወቅባቸው መስኮች አንዱ ነው። ሮስኪልዴ ዩኒቨርሲቲ ለማኅበራዊ ሳይንስ፣ የኮፐንሃገን ቢዝነስ ስኩል ለኢኮኖሚክስና ለማኔጅመንት፣ የኮፐንሃገን አይቲ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ለኮምፒውተር ሳይንስ የሚታዩ ናቸው።

አንዱን ሥራ እያንዳንዱ ቤት በራሱ ስም ይጠራዋል። ኮፐንሃገን “ፒኤችዲ ፌሎሺፕ”፣ ኦልቦር “ፒኤችዲ ስቲፔንድ”፣ ዲቲዩ ደግሞ “ፒኤችዲ ስኮላርሺፕ” ይለዋል፤ ሦስቱም ደመወዝ ያለው ቅጥር ናቸው። ስለዚህ በማዕረጉ ስም ሳይሆን በሙያዎ ቃል ይፈልጉ፤ “የአፈር ማይክሮባዮሎጂ”፣ “የወባ ኤፒዲሚዮሎጂ”፣ “የኮንክሪት ጥንካሬ” የሚሉትን በእንግሊዝኛ አስገብተው የኢሜይል ማሳወቂያ ይክፈቱ። ኦርሁስ ላይ አንድ ልዩነት አለ፦ አንዳንዶቹ የድኅረ ምረቃ ትምህርት ቤቶቹ ማስታወቂያ የሚያወጡት በዓመት ውስጥ በተቆረጡ ዙሮች ነው፤ አንዱ ዙር ካመለጠ ቀጣዩን ወራት መጠበቅ ነው።

ከዩኒቨርሲቲዎቹ ውጭ ዩራክሰስ የተባለው የአውሮፓ የተመራማሪዎች መድረክና ወርክ ኢን ደንማርክ የተባለው የመንግሥት የሥራ ገጽ ይጠቅማሉ። ሌሎች የሥራ ድረ ገጾች ከእነዚህ የተገለበጠ ነው የሚይዙት፤ አንዳንዴም ቀኑ ያለፈበትን። ማመልከቻው የሚገባው ምንጊዜም በዩኒቨርሲቲው ሥርዓት ነው። ለማመልከቻ ገንዘብ የሚያስከፍል ዩኒቨርሲቲ አያጋጥምዎትም። “ቦታ አስይዝልሃለሁ” ብሎ ክፍያ የሚጠይቅ ደላላ ሲመጣ ወሬውን እዚያው ያቁሙ።

በጁላይ ወር (ከሰኔ መጨረሻ እስከ ሐምሌ መጨረሻ) አገሩ በሙሉ እረፍት ላይ ነው። በዚያ ወር የተላከ ኢሜይል መልስ ካጣ አይደንግጡ፤ ኦገስት አጋማሽ ላይ ደግመው ይጻፉ።

ማዕረጎቹን አያምታቱ

ብዙ ጥሩ ማመልከቻ የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ ሌክቸረር ማለት በማስተርስ የሚያስተምር መምህር ነው። ዴንማርክ ውስጥ ሌክቶር ማለት ግን ተባባሪ ፕሮፌሰር ነው፤ ፒኤችዲ፣ ተከታታይ ኅትመት፣ የማስተማር ልምድና ሥልጠና ይጠየቅበታል። አድዩንክት የሚባለው ረዳት ፕሮፌሰር ነው፤ እሱም ያለ ፒኤችዲ አይታሰብም። እኛ ጋ በማስተርስ ወይም በስፔሻሊቲ ረዳት ፕሮፌሰር የሆነ ሰው በዚያ ስም ዴንማርክ ቢያመለክት ገምጋሚዎቹ ብቁ አይደለም ከማለት ሌላ ምርጫ የላቸውም።

ማስተርስ ላለው ሰው ሁለት በሮች አሉ። አንዱ ፒኤችዲ ነው፤ ሁለተኛው የምርምር ረዳትነት፣ በእነሱ አጠራር ቪደንስካቤሊግ አሲስተንት። የምርምር ረዳትነት ጊዜው አጭር ቢሆንም ንቀው አይለፉት። ቡድኑ እርስዎን፣ እርስዎም ቡድኑን የምታዩበት ጊዜ ነው፤ ቀጥሎ የፒኤችዲ ቦታ ሲወጣ የላብራቶሪውን ሥራ የሚያውቅ ሰው ጎልቶ ይታያል። ፒኤችዲ ለጨረሰ ሰው ፖስትዶክ፣ ማለትም ከፒኤችዲ በኋላ ያለው ጊዜያዊ የምርምር ቅጥር፣ ነው፤ በአንድ ዩኒቨርሲቲ በፖስትዶክነት መቆየት የሚቻለው ቢበዛ 4 ዓመት ነው።

ፒኤችዲው ራሱ 3 ዓመት፣ 180 ኢሲቲኤስ (የአውሮፓ የትምህርት ክሬዲት መለኪያ) ነው። ከዚህ ውስጥ ወደ 30 ኢሲቲኤስ ኮርስ ነው፤ የተለመደው ውል ደግሞ ለማስተማርና ለመሰል ሥራ 840 ሰዓት ያስገድዳል። ሌላ የምርምር ተቋም፣ ብዙውን ጊዜ ውጭ አገር፣ ሄዶ መቆየትም የፕሮግራሙ አካል ነው። ማስታወቂያ ላይ “5+3” ሲል ማስተርስ ጨርሶ የሚገባበትን መንገድ ማለቱ ነው፤ የእርስዎ መንገድ ይኸው ነው። “4+4” ማስተርሱን እዚያው ዴንማርክ እየተማረ ላለ ሰው የተሠራ ነው።

ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ ማወቅ

አብዛኛው የፒኤችዲና የፖስትዶክ ቦታ የሚከፈተው አንድ ፕሮፌሰር የምርምር ገንዘብ ሲያሸንፍ ነው። ገንዘቡን የሚሰጡት የታወቁ ናቸው፦ የዴንማርክ ነፃ ምርምር ፈንድ፣ ኢኖቬሽን ፈንድ፣ ኖቮ ኖርዲስክ ፋውንዴሽን፣ ካርልስበርግ ፋውንዴሽን፣ ቪሉም፣ ሉንድቤክ እና የአውሮፓ ኅብረት። እነዚህ ለማን ምን ሰጠን ብለው በገጻቸው ያወጣሉ። ዛሬ ገንዘብ ያገኘ ተመራማሪ ከጥቂት ወራት በኋላ ሰው መቅጠሩ አይቀርም፤ ስለዚህ ዜናውን ያነበበ ሰው ማስታወቂያው ሳይወጣ ያውቃል። በመስክዎ ዝርዝሩን አንብበው አምስት ስድስት ስም ይያዙ፤ ጽሑፎቻቸውን ያንብቡ፤ ከዚያ ነው ኢሜይል የሚጻፈው።

ኢሜይሉ አጭር ይሁን፤ ከ150 ቃል አይለፍ። “ውድ” ብለው ስሙን ከነአባቱ ይጻፉ፤ የተደራረበ ማዕረግና የአክብሮት ቃል እዚያ አገር እንግዳ ነገር ነው፣ ሰው በስሙ ነው የሚጠራራው። ማን እንደሆኑ በአንድ ዓረፍተ ነገር፣ ከእሱ ሥራ የትኛው ከእርስዎ ሥራ ጋር እንደሚገናኝ በሁለት፣ በቅርቡ ቦታ ይከፈት እንደሆነ በአንድ። ሲቪ ያያይዙ። ለሠላሳ ሰው የተላከ አንድ ዓይነት ደብዳቤ ወዲያው ይታወቃል። “ይውሰዱኝ” ብለውም አይለምኑ፤ ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር ቦታው በይፋ መውጣት ስላለበት ፕሮፌሰሩ ቢወድዎት እንኳን በራሱ ሥልጣን ብቻ ሊቀጥርዎ አይችልም። የኢሜይሉ ጥቅም ማስታወቂያው ሲወጣ እንዲያውቁና ስምዎ አዲስ እንዳይሆን ነው።

ማስታወቂያው ከወጣ በኋላም የሚጠየቅ ሰው ስም ከነስልኩ ከሥር ይጻፋል። መጠየቅ ነውር የለውም፤ ነገር ግን ማስታወቂያው የመለሰውን መልሰው አይጠይቁ። “መስክ ላይ የሚሠራው ናሙና የት አገር ነው?” ደህና ጥያቄ ነው፤ “ደመወዙ ስንት ነው?” ግን በጋራ የሥራ ስምምነት የተወሰነ ስለሆነ ለመጨረሻ ይቆይ።

ሰነዶቹ

ማስታወቂያው የጠየቀውን ሁሉ፣ በጠየቀው ቅርጽ። አንድ ወረቀት ከጎደለ ማመልከቻው ሳይነበብ ሊወድቅ ይችላል። ይህ ጭካኔ አይደለም፤ ሁሉንም አመልካች በእኩል ለማየት የተሠራ ደንብ ነው። ብዙውን ጊዜ የሚጠየቁት የማመልከቻ ደብዳቤ፣ ሲቪ፣ የባችለርና የማስተርስ ዲግሪ፣ ትራንስክሪፕት፣ ኅትመት ካለ ዝርዝሩ፣ የሚመሰክሩ ሰዎች ስም፣ አንዳንዴም ከ1 እስከ 5 ገጽ የሚደርስ የምርምር ሐሳብ ናቸው።

የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች በእንግሊዝኛ ስለሚያስተምሩና ዲግሪውም እንግሊዝኛ ስላለው የትርጉም ወጪ የለም። ችግሩ ሌላ ነው፦ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ተመራቂ ኮስት ሼሪንጉን ካልከፈለ ኦርጅናሉ አይሰጠውም፣ ኦፊሻል ትራንስክሪፕትም አይላክለትም። ለማመልከቻ ቴምፖራሪውና ስቱደንት ኮፒው በቂ የሚሆንባቸው ቦታዎች አሉ፤ ቅጥሩ ሲደርስ ግን ኦርጅናሉን ሊጠይቁ ይችላሉ። ስለዚህ የወጪ መጋራቱን ጉዳይ ማመልከት ከመጀመርዎ በፊት ይጨርሱ። ሬጅስትራር ደጅ መጥናቱ ሳምንታት ይወስዳል፣ ማስታወቂያ ግን አይጠብቅም።

ትራንስክሪፕቱ ክሬዲት አወር ብቻ ከሆነ የትምህርቱን ርዝመት በዓመት ሲቪው ላይ ይግለጹ። ዴንማርክ ውስጥ ማስተርስ 2 ዓመት፣ 120 ኢሲቲኤስ ነው፤ ገምጋሚው የእርስዎ ማስተርስ ከዚህ ጋር ይስተካከላል ወይ ብሎ ነው የሚያየው። ቴሲስ ያልተጻፈበት ማስተርስ እዚህ ላይ ይቸገራል። ቴሲስ ካለዎት ርዕሱን፣ ክሬዲቱንና ውጤቱን ለብቻ ያውጡት። የነጥብ አሰጣጡ ማብራሪያም ከትራንስክሪፕቱ ጀርባ ካለ ጀርባውን ጭምር ስካን ያድርጉ፤ የእነሱ ነጥብ ከ-3 እስከ 12 ስለሆነ 3.6 ከ4 መሆኑ ካልተጻፈላቸው አይገባቸውም።

ቀን ሲጽፉ ሁሉንም ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር ይመልሱ። ሐምሌ 2010 የተመረቀ ሰው “2010” ብሎ ከጻፈ ስምንት ዓመት አስረጅቶ ራሱን አቅርቧል፤ በኋላ ከዲግሪው ጋር ሲመሳከር ደግሞ ሐሰት የጻፈ ይመስላል። ስምም እንዲሁ፦ ፓስፖርት፣ ዲግሪና ኅትመት ላይ ያለው አጻጻፍ አንድ ካልሆነ በአንድ መስመር ያስረዱ።

በእንግሊዝኛ ያስተማረኝ ዩኒቨርሲቲ መስክሮልኛል የሚለው ወረቀት አንዳንድ ቦታ ይሠራል፣ አንዳንድ ቦታ ግን አይቀበሉትም። የአይኤልትስ ወይም የቶፍል ውጤት የሚጠይቁትን ለይተው ይያዙ፤ ፈተናው ተይዞ ውጤቱ እስኪመጣ ጊዜ ይፈልጋል።

ደብዳቤው

አንድ ገጽ፣ ቢበዛ አንድ ተኩል። ማስታወቂያው ላይ የተዘረዘሩትን መስፈርቶች አንድ በአንድ አውጥተው ለእያንዳንዱ ማስረጃ ይስጡ። “በስታቲስቲክስ ጎበዝ ነኝ” ምንም አይልም። “ለማስተርስ ቴሲሴ 412 አባወራ ላይ የተሰበሰበ መረጃ በአር ተንትኛለሁ፣ የተጠቀምኩት ሚክስድ ሞዴል ነው” ይላል። ለአገሬ ልማት አስተዋፅኦ ለማድረግ የሚለውን መግቢያ ይዝለሉት፤ ሐሳቡ ቅን ነው፣ ነገር ግን ገምጋሚው የሚፈልገው ይህን ፕሮጀክት ማን ይሠራዋል የሚለውን ነው። የቤተሰብ ችግር፣ የአገር ሁኔታ፣ የሃይማኖት ነገር ደብዳቤ ውስጥ አይገባም። ሲቪው ላይም ፎቶ፣ የጋብቻ ሁኔታና ሃይማኖት አስፈላጊ አይደሉም።

የማስረከቢያ ሰዓቱ አብዛኛውን ጊዜ በዴንማርክ ሰዓት 23:59 ነው። ይህ በክረምታቸው (ከኦክቶበር መጨረሻ እስከ ማርች መጨረሻ) በኢትዮጵያ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ከ59፣ በበጋቸው ደግሞ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ከ59 ደቂቃ ይሆናል። መብራትና ኔትወርክ እንደማይታመኑ እያወቁ እስከዚያ መጠበቅ ግን ያለ ምክንያት መጋለጥ ነው። ሁለት ቀን ቀድመው ይላኩ፣ የደረሰኝ ኢሜይሉ መምጣቱን ያረጋግጡ፤ ካልመጣ ማመልከቻው ረቂቅ ሆኖ ቀርቶ ሊሆን ይችላል።

ከተላከ በኋላ

መጀመሪያ ብዙ ቦታ ወንፊት አለ፤ ከሁሉም አመልካች ለግምገማ የሚያልፉት ይመረጣሉ። ያለፉትን ገምጋሚ ኮሚቴ አይቶ በጽሑፍ “ብቁ ነው” ወይም “ብቁ አይደለም” ይላል፤ ስለ ራስዎ የተጻፈውን ይልኩልዎታል፣ ስህተት ካለበት አስተያየት መስጠት ይቻላል። ብቁ መባል መቀጠር አይደለም፤ ቃለ መጠይቅ የሚጠራው ከብቁዎቹ መካከል ነው። ባይቀጠሩም ያንን ግምገማ በደንብ ያስቀምጡት። የት ላይ እንደደከሙ ከዚህ የበለጠ የሚነግርዎ ወረቀት አያገኙም። ጠቅላላ ሂደቱ ከሁለት እስከ አራት ወር ቢፈጅ የተለመደ ነው።

ቃለ መጠይቁ በቪዲዮ ነው። የማስተርስ ሥራዎን በአሥር ደቂቃ ያቅርቡ ሊሉዎት ይችላሉ። ከዚያ ጥያቄው የሚያተኩረው ምን እንዳልተሳካና ምን እንዳደረጉ ላይ ነው። የማያውቁትን አላውቅም ማለት ከግምት መልስ ይሻላል። አለቃን ደፍሮ መጠየቅ እዚያ እንደ ብስለት ይቆጠራል፤ “በዚህ ዕቅድ ሁለተኛው ሙከራ ለምን መጀመሪያ አልሆነም?” ብለው መጠየቅ ያስከብርዎታል። ሁለተኛ የኢንተርኔት መስመር፣ ቢያንስ የሞባይል ዳታ፣ አጠገብዎ ይሁን።

ሌሎች ሁለት መንገዶች

ፒኤችዲ ያለው ሰው ማስታወቂያ ሳይጠብቅ በማሪ ስክዎዶፍስካ ኪዩሪ የፖስትዶክ ፌሎሺፕ የራሱን ደመወዝ ይዞ መምጣት ይችላል። ዜግነት አይገድብም፤ ባለፉት 36 ወራት ውስጥ ዴንማርክ ከ12 ወር በላይ ያልኖረ መሆን አለበት፤ ከፒኤችዲ በኋላ ያለፈው የምርምር ጊዜም ከ8 ዓመት መብለጥ የለበትም። መዝጊያው አብዛኛውን ጊዜ ሴፕቴምበር ውስጥ በብራስልስ ሰዓት 17:00፣ በእኛ ከምሽቱ 12 ሰዓት ነው። ዕቅዱ ከሚቀበልዎ ፕሮፌሰር ጋር አብሮ ስለሚጻፍ እስከ ሚያዝያ ድረስ ሰው ማግኘት ያስፈልጋል፤ ኦገስት ላይ የተጀመረ ብዙ አይሳካም።

ሁለተኛው ኢትዮጵያ ውስጥ ዩኒቨርሲቲ ለሚያስተምሩ ነው። በዴንማርክ የልማት ትብብር ሥር ባለው በዳኒዳ ፌሎሺፕ ሴንተር በኩል የሚደገፉ የትብብር ምርምሮች ላይ የፒኤችዲ ተማሪው በአገሩ ዩኒቨርሲቲ ተመዝግቦ የተወሰነ ጊዜ ዴንማርክ እየሄደ ይሠራል። ይህ በክፍት ማስታወቂያ ሳይሆን በትምህርት ክፍልዎ ውስጥ ባለው ፕሮጀክት በኩል ስለሚመጣ የምርምር ቢሮውን ይጠይቁ።

ቅጥሩ ከተገኘ

የመኖሪያና የሥራ ፈቃዱን የሚሰጠው ሲሪ የተባለው መሥሪያ ቤት ነው። ቅጹ የአሠሪውም የአመልካቹም ክፍል አለው፤ ብዙ ጊዜ የዩኒቨርሲቲው የውጭ ሠራተኞች ቢሮ ይጀምረውና እርስዎ ይጨርሱታል። የጉዳይ ቁጥር ይከፈታል፣ ክፍያ ይከፈላል፣ ቅጹ ይላካል፤ ከዚያ በ14 ቀን ውስጥ አሻራና ፎቶ መስጠት ያስፈልጋል። የቀጠሮ ቦታውን ከአዲስ አበባው የዴንማርክ ኤምባሲ ገጽ ቀድመው ይዩ። ፈቃዱ የሚያልቀው ፓስፖርቱ ከማለቁ 3 ወር ቀድሞ ስለሆነ ሁለት ዓመት የቀረው ፓስፖርት ይዘው አይጀምሩ፤ አስቀድመው ያሳድሱ። ከሥራዎ መልቀቂያ የሚጠይቁትም ትኬት የሚቆርጡትም ፈቃዱ እጅዎ ከገባ በኋላ ይሁን። ለባለቤትዎና ከ18 ዓመት በታች ለሆኑ ልጆች አብሮ ማመልከት ይቻላል፤ ባለቤትም መሥራት ይፈቀድለታል። ጋብቻው ግን በወሳኝ ኩነት የተመዘገበ ይሁን፤ ከቤተ ክርስቲያን ወይም ከሽማግሌዎች የተገኘው ወረቀት ብቻውን ላይበቃ ይችላል።

የፒኤችዲ ደመወዝ ከግብር በፊት በወር 30 ሺህ ክሮነር አካባቢ ነው፤ በዚያ ላይ አሠሪው ከ17 በመቶ በላይ ጡረታ ይጨምራል። ፖስትዶክና ከዚያ በላይ የሆኑ ከውጭ የመጡ ተመራማሪዎች ልዩ የግብር ሥርዓት መጠየቅ ይችላሉ፦ 27 በመቶ እና የ8 በመቶ የሥራ ገበያ መዋጮ፣ ተደምሮ 32.84 በመቶ፣ እስከ 7 ዓመት። ይህ በራሱ አይመጣም፤ ውል ሲፈርሙ ቢሮውን ይጠይቁ።

ትልቁ የመጀመሪያ ወጪ ቤት ነው። አከራይ እስከ 3 ወር መያዣና እስከ 3 ወር ቅድሚያ ኪራይ መጠየቅ በሕግ ይችላል፤ የመጀመሪያ ደመወዝዎ ደግሞ በወሩ የመጨረሻ የሥራ ቀን ነው የሚገባው፣ የባንክ ሂሳብና የሲፒአር ቁጥር (የዴንማርክ የነዋሪ መለያ ቁጥር) ከሌለም ይዘገያል። ስለዚህ ውሉ እንደተፈረመ ለዩኒቨርሲቲው የመኖሪያ ቤት ቢሮ ይመዝገቡ። የሚከራዩት ቤት አድራሻ ለሲፒአር መመዝገቢያ የሚሆን መሆኑን አከራዩ በጽሑፍ እንዲያረጋግጥ ያድርጉ፤ “አድራሻውን አትጠቀምበት” የሚል አከራይ ቤቱ ቢረክስም አይሆንም፣ ያለ አድራሻ ሲፒአር የለም፣ ያለ ሲፒአር የጤና ካርድም የግብር ካርድም በጊዜ አይደርስም።